ሥራ የቆመበት ማኅበርተኛ ከማን ይጀምር?

ጥያቄ
ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞችና እኅቶች። አራት ኪሎ ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወንድማችን ሥራው ከቆመ ሁለተኛ ወሩን ያዘ። ዳዊቱን አላስታጎለም፤ ከሚካኤል ማኅበሩ ግን «ባዶ እጄን ምን ብዬ እገባለሁ» እያለ ቀርቷል። ችግሩን ለሰው ማዋየት በእግዚአብሔር አለመታመን መስሎታል። በዚያ ላይ የሚቀጥለው የጽዋ ተራ፣ ማለትም ለማኅበሩ ዝክር የመደገሱ ተራ፣ የእሱ ነው። ምን ትመክሩታላችሁ?

መልስ 1
መጀመሪያ ለንስሐ አባቱ ይንገር። ገላትያ 6 ቁጥር 2 የሌላውን «ከባድ ሸክም» ተሸከሙ ይላል፤ ቁጥር 5 ደግሞ «የገዛ ራሱን ሸክም»። ልዩነቷን ልብ ይበላት። አስቤዛውን ከቻለ ይቻል፤ ኪራዩ ግን ለብቻ የማይነሣ ነው፣ እሱን ለማኅበሩ ይናገር። ሲናገርም «ጸልዩልኝ» ብሎ አያድበስብስ፦ ኪራዩ ስንት ብር ነው፣ መክፈያው መቼ ነው፣ የስንት ወር ጎድሏል? ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው ውዝፉ እስኪከመር ዝም ይላል፤ ያኔ ማኅበሩም አይችለውም። ስጦታ ይሁን ብድር አስቀድሞ ይለይ፤ ካልተለየ ፍቅር ይሻክራል። ገንዘቡም በቀጥታ ለአከራዩ ቢገባ ይሻላል፤ በእጁ ካለፈ ሌላ ዕዳ ይቀድመዋል።

መልስ 2
ለጽዋው ጊዜው አሁን ነው። ወሩ በገባ በ12፣ በሚካኤል ዕለት፣ ዝክሩ ሲያበቃ ጽዋው ለተረኛው ይሰጣል፤ ከተረከበ በኋላ ማስቀየር ያስቸግራል። ከዚያ በፊት ሙሴውን (የማኅበሩን መሪ) አግኝቶ ተራውን ከሌላ ማኅበርተኛ ጋር ይለዋወጥ። ፒያሳ ፈርሶ ማኅበርተኛው ዳር ዳር ከተበተነ ወዲህ ነገሩ ሁሉ በስልክ ሆኗል፤ ይህ ግን ፊት ለፊት ነው የሚያምረው። የእድሩን መዋጮ እንዳያቋርጥ አደራ። እድር በዋናነት ለሐዘን ነው፤ ውዝፍ ሲበዛም ደንቡ ሊያሰርዘው ይችላል። ካቃተው ቀድሞ የእድሩን ዳኛ (ሰብሳቢውን) ያናግር።

መልስ 3
ስለ ዳዊቱ አንድ ነገር ልጨምር። ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ይደገማል፤ ለምሳሌ የማክሰኞው ክፍል ከ31 እስከ 60 ነው፤ ለተጨነቀ ሰው 30 መዝሙር ሊከብደው ይችላል። ከሚተወው ንስሐ አባቱ ያሳጥሩለት። 54ኛው መዝሙር እዚያው ውስጥ አለ፦ «ትካዜህን በእግዚአብሔር ላይ ጣል፥ እርሱም ይደግፍሃል»። እሷን ቀስ ብሎ ይድገማት።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልን። መዋጮ ሳይዝ ቢሄድ ቅር አይላቸውም?

መልስ 2
ኧረ አይላቸውም። ጸሐፊው ይይዝለታል፣ ሲያገኝ ይሞላል። በ12 ባዶ እጁን ይምጣና ጽዋውን ይቅመስ፤ ባለቤቱንም ይዟት ይምጣ።