የአያቴ የነሐስ ሳንቲም፦ ልጠበው ወይስ እንዳለ ልተወው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ አክሱም አካባቢ ነው የምትኖረው። አንድ ክረምት ዝናቡ የማሳውን አፈር ሲያጥበው አንዲት ሳንቲም ብቅ አለችላት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ለዓመታት አኖረቻትና ባለፈው ፋሲካ ለእኔ ሰጠችኝ። ከአውራ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም፣ አረንጓዴ ዝገት ይዟታል። በአንዱ ፊት የሰው ራስ አለ፣ በሌላው መስቀል። መስቀሉ መሐል ላይ ቢጫ ነገር ብልጭ ይላል።

እናቴ «በሎሚና በአመድ ፈትጊያት» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ከአሜሪካ መጥቷል፤ ሲመለስ ይዟት መሄድ ይፈልጋል። እኔ መስቀሏን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ምን ላድርግ?

መልስ 1

እህቴ፣ እባክሽ ሎሚ እንዳታስነኪያት! ቢጫው ወርቅ ሳይሆን አይቀርም። አክሱሞች በአንዳንድ የነሐስና የብር ሳንቲሞቻቸው ላይ፣ በመስቀሉ ወይም በንጉሡ ራስ ዙሪያ፣ ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። ሎሚው ሥር ያለውን ነሐስ ሲበላው ወርቁ ይላጣል። ልጅ ሳለሁ አንዷን ፈትጌ ወርቁ ጣቴ ላይ ቀርቷል። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለ መስቀሉ ልንገርሽ። አክሱም ሳንቲም መምታት የጀመረችው በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ያኔ ከንጉሡ ራስ በላይ ይቀረጽ የነበረው ጨረቃና ክብ ነው። የኢዛናም የመጀመሪያ ሳንቲሞች እንደዚያው ናቸው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል ግን ጨረቃው ወርዶ መስቀል ወጣ። የአንድ ንጉሥን ሁለቱን ሳንቲም ጎን ለጎን ስታዪ የአገር እምነት ሲቀየር በዓይንሽ ታዪያለሽ። እኔን ያሰረኝ ይሄ ነው።

ደግሞ ፊደሉን በደንብ እዪው። በግሪክ ፊደል ከሆነ፣ ከኢዛና በኋላ በወጡ ብዙ የነሐስ ሳንቲሞች ላይ በመስቀሉ ዙሪያ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ንጉሥ ለገበያተኛ እንዲህ ብሎ ሲጽፍ አስቢው።

መልስ 2

ግዕዝ ከሆነ ደግሞ ኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል። ንጉሡ ሙሉ አካሉ ይታያል? ዙፋን ላይ ተቀምጦ ረጅም የመስቀል በትር ከያዘ የአርማህ ነው፤ ከመጨረሻዎቹ ሳንቲም መቺ ነገሥታት አንዱ። በሳንቲሙ ጀርባ ያለው መስቀል መሐሉ በወርቅ የተለበጠ ነው። ራስ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶ አንሺልን።

መልስ 3

የወንድምሽን ነገር ግን እንዳታልፊው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲህ ያለ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። በአጋጣሚ የተገኘም ሪፖርት መደረግ አለበት። ኤርፖርት ላይ ቢያዝበት ለእሱም ለሳንቲሟም አይበጅም። ለቅርስ ባለሥልጣን አሳዪያት፣ የተገኘችበትንም ማሳ ንገሪያቸው። የትኛው ማሳ እንደሆነ ካልታወቀ ሳንቲሟ ግማሽ ታሪኳን አጥታለች።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ጥጥ ውስጥ አድርጌ በትንሽ የክብሪት ሣጥን አስቀምጫታለሁ። ወንድሜ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ አሁን ግን ሰኞ አብሮኝ ሊሄድ ተስማምቷል። ዛሬ ለአያቴ ደውዬ ማሳውን ጠየቅኳት። «ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ሾላው አጠገብ» አለችኝ። ወረቀት ላይ ጽፌ ሣጥኑ ውስጥ ከትቼዋለሁ።