አስቸኳይ፦ ልጄ ወፍራም ናት፣ ጡቷም አጎጠጎጠ፤ የዕድገት መርፌ ልግዛላት?

ኡሙ ሀያት (ጠያቂ)፦
ጀመዓ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አሁን ገላዋን ሳጥባት ከግራ ጡቷ ሥር ጠጠር ያለ ነገር አገኘሁ። ስነካው "አመመኝ" ብላ ጮኸች። ሁለተኛ ክፍል ናት። ድሮም ሙሉ ልጅ ነበረች፣ ዘንድሮ ግን ባሰባት። ጎረቤቴ "ስብ የዕድገት ሆርሞንን ይገድላል፣ አጭር ሆና ትቀራለች" ብላ አስደነገጠችኝ። አንድ ሰው ደግሞ የዕድገት መርፌ ከአዲስ አበባ አስመጣልሻለሁ፣ ነገ ጠዋት ብር ላኪ ይለኛል። ልላክ? ያለሁት ኮምቦልቻ ነው። አባቷ ለሥራ ወጥቷል፣ ብቻዬን ነኝ።

የጦሳ ልጅ፦
አብሽሪ እህቴ። ብሩን ግን እንዳትልኪ።

ጡረተኛው መምህር፦
በእኛ ጊዜ ደሴ ላይ ልጅ ከሰኞ ገበያ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በእግሩ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ለአንድ ዳገት ባጃጅ ይጠራል። ትምህርት ቤት በር ላይ ቺፕስ፣ ቤት ሲገባ ለስላሳ፣ ማታ ስልክ። የዕድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ልጅ ድብን ያለ እንቅልፍ ሲተኛ ነው። ሲያመሽ ስልክ ላይ የሚያፈጥ ልጅ ከየት ያመጣዋል? መጀመሪያ ወላጅ ቤቱን ያስተካክል።

ኡሙ ሀያት፦
ጋሼ ምክርዎ ልክ ነው፣ ግን ጠጠሩስ?

ሚሚ ከሐረጎ፦
ለስላሳ አቁሚ። የእህቴን ልጅ ያዳናት እሱ ነው።

ሲስተር ከደሴ፦
የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ሁለት ነገር ንገሪኝ። ዕድሜዋ ከነወሩ ስንት ነው? ከክፍል ጓደኞቿ ትረዝማለች ወይስ ታጥራለች?

ኡሙ ሀያት፦
ሰባት ዓመት ከአምስት ወር። ሰልፍ ላይ መጨረሻ የምትቆመው እሷ ናት፣ ሁሉንም ትበልጣለች።

የጦሳ ልጅ፦
ሃሃ፣ ከክፍሉ የምትረዝመውን ልጅ ነው አጭር ትሆናለች ያለችው? ጎረቤትሽ ሜትር ትግዛ።

ሲስተር ከደሴ፦
እንግዲያው ጎረቤትሽ ግማሹን ነው የሰማችው። ወፍራም ልጆች ደማቸው ሲታይ የዕድገት ሆርሞናቸው ዝቅ ይላል፣ ይሄ እውነት ነው። ቁመታቸው ግን አይቆምም። ውፍረት የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን ያበዛል። ኢንሱሊን ሲበዛ ጉበት ለዕድገት ሆርሞን ይበልጥ ንቁ ይሆናል። በትንሽ ሆርሞንም ቢሆን አጥንት የሚያሳድገውን አይጂኤፍ ዋን የሚባለውን ሆርሞን በደንብ ያመርታል። ከጉርምስና በፊት ብዙዎቹ ከእኩዮቻቸው የሚረዝሙት ለዚህ ነው።

ጣጣው አጥንታቸው ቀድሞ መብሰሉ ነው። ከስብ የሚወጣው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ደግሞ በተለይ በሴቶች ላይ ጉርምስናን ያፋጥናል። ቀድማ የተመዘዘች ልጅ ቀድማ ትቆማለች፣ በጉርምስናዋ የምትጨምረው ቁመትም ያንሳል። አብዛኞቹ መጨረሻ ላይ ከእኩዮቻቸው ጋር ይስተካከላሉ። ክብደት ሲቀንስ ሆርሞኑም ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ መርፌው ለሷ የሚሆን ነገር አይደለም። ሐኪም ሳያዘው ከሰው እጅ የሚገዛ ሆርሞን ለማንም ልጅ አይሆንም።

አሁን ወደ ጠጠሩ። ስብ ብቻ ሲሆን ለስለስ ይላል። ከጡቷ ጫፍ ሥር እንደ ልብስ ቁልፍ ጠንከር ብሎ ሲነኩት የሚያም ከሆነ እውነተኛ ጡት እያጎጠጎጠ ሊሆን ይችላል። በአንድ በኩል መጀመሩ የተለመደ ነው። ግን ሴት ልጅ 8 ዓመት ሳይሞላት፣ ወንድ ደግሞ 9 ሳይሞላው ጉርምስና ከጀመረ መታየት አለበት። ትኩሳትና መቅላት ከሌላት ዛሬ ሌሊት አትሩጪ። በዚህ ሳምንት ግን የሕፃናት ሐኪም ጋ ውሰጃት። የግራ እጇን ራጅ ያስነሳና የአጥንቷን ዕድሜ ያያል፣ ካስፈለገ ደም ያዛል። እስከዚያ አትጭመቂው፣ አታሺው። የአንገቷ ጀርባ ጠቁሮ ወፈር ካለ እሱንም ንገሪው፣ የኢንሱሊን መብዛት ምልክት ነው። እድፍ መስሎሽ በሳሙና አትፈግፍጊው።

ሚሚ ከሐረጎ፦
ለስላሳውን አቁሚ አልኩሽ። ጁሱንም። ቤት ካለ ትጠጣለች።

የሁለት ልጆች እናት፦
የኔ ወንድ ልጅ ግን ወፍራምም አጭርም ነበር። የዩኒፎርም ሱሪው ወገቡ አልቆለፍ ብሎ ርዝመቱ ዓመቱን ሙሉ ልኩ ነበር። "ምግብ ይበዛበታል" እያሉን ቆየን። ሲመረመር ታይሮይድ የሚባለው የአንገት እጢ ሆርሞን ማነስ ሆኖ ተገኘ። በኪኒን ቁመቱ እንደገና ጨመረ።

ሲስተር ከደሴ፦
ይሄን ሁላችሁም ያዙልኝ። እየወፈረ የሚረዝም ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የምግብና የእንቅስቃሴ ጉዳይ ነው። እየወፈረ ቁመቱ የቆመ ልጅ ግን ምርመራ ይፈልጋል፣ ታይሮይድም ሌላ ሆርሞንም ሊሆን ይችላል። "ምግብ ይክፈትለት" ተብሎ ዴክሳ የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት የሚሰጣቸው ልጆችም እንዲሁ ይሆናሉ። ፊታቸው ይነፋል፣ ቁመታቸው ይቆማል። እየሰጣችሁ ከሆነ ግን በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ባለ ባጃጁ፦
ሲስተር፣ ከርዕስ ወጣሁ ይቅርታ። ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ በጣም ወፍራም ነው። ጉልበቴን እያለ ያነክሳል። ጉልበቱን ራጅ አስነሳነው፣ ምንም የለም ተባልን።

ሲስተር ከደሴ፦
ወንድሜ፣ ዳሌውን ነው ማስነሳት ያለብህ። ወፍራም ልጆች ላይ አንዳንዴ የጭን አጥንት ራስ ዳሌው ውስጥ ይንሸራተትና ሕመሙ ጉልበት ላይ ይሰማል። ይሄ ነገ የሚባል ነገር አይደለም። እግሩን እንዲረግጥ አታድርገው፣ ተሸክመህ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አድርሰው። "ዳሌውን በሁለቱም በኩል ራጅ አንሱልኝ" በላቸው።

ባለ ባጃጁ፦
እሺ፣ አሁኑኑ ይዤው ልወጣ ነው።