ሶርሱ ሪድ ኦንሊ ሆኖ የኔትቢኤስዲ ሪሊዝ ማውጣት ይቻላል?

የኮቺው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ኮቺ ሰፈር ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የኔትቢኤስዲ (ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው) ሶርስ ኮድ ያለው አንዱ ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ ፋይል መጋሪያ) ሪድ ኦንሊ፣ ማለትም ለማንበብ ብቻ፣ አድርገው ያነቡታል። ሆን ብዬ ነው የቆለፍኩት። ተለማማጆቹ «ትንሽ ልሞክር» እያሉ ሲነካኩት የማን ለውጥ የት እንደገባ መለየት አቃተኝ። አሁን ከዚያው ሶርስ ለአንድ ዴስክቶፕና ለራስበሪ ፓይ (ትንሿ ኮምፒውተር) ሪሊዝ (ለመጫን የተዘጋጀ ሙሉ ሲስተም) ላውጣ ብል ገና ከመጀመሩ «ሪድ ኦንሊ ፋይል ሲስተም» ብሎ ቀጥ ይላል። ቁልፉን ሳልከፍት መላ አለው?

ናቲ፦
ምን አስጨነቀህ፣ ለአንድ ሌሊት ክፈተውና ሲያልቅ መልሰህ ቆልፈው።

ባለተርሚናል፦
ኧረ እንዳትከፍተው! ኮምፓይል ሲደረግ (ኮዱ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲቀየር) የሚወጣው ሁሉ ሶርሱ መሃል ይበተንና ነገ ለፓይ ስትሠራ የዴስክቶፑ ትርፍራፊ ይጠብቅሃል። ቢልድ ዶት ኤስኤች (ሪሊዙን የሚሠራው ስክሪፕት) ከኔትቢኤስዲ 1.6 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ለዚህ መፍትሔ አለው። ዳሽ ካፒታል ኦ (-O) ብለህ በራሱ በማሽኑ ዲስክ ላይ ያለ ባዶ ፎልደር ስጠው፤ ለዴስክቶፑ አንድ፣ ለፓይ ሌላ። ቱልዲር (የመሥሪያ ቱልሶቹ ፎልደር)፣ ዴስትዲር (የተሠራው ሲስተም የሚቀመጥበት) እና ሪሊዝዲርም (የታሸገው ሪሊዝ የሚወጣበት) እዚያው ሥር ይገባሉ። ዳሽ ካፒታል ዩ (-U) ጨምርበት፤ ያኔ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) መሆን አያስፈልግህም። የፋይሎቹን ባለቤትነትና ፈቃድ ሜታሎግ የሚባል ፋይል ላይ መዝግቦ ይይዝና ሲያሽግ ከዚያ ያነባል። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የምወደው ይህቺን ነው። ፎልደሩን ግን ኤንኤፍኤስ ላይ አታድርገው፣ ይንቀረፈፋል።

የኮቺው፦
ተባረክ ወንድሜ፣ ቱልሶቹን ጨርሶ ወደ ዋናው ገብቶ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ መብራት ሄደ። እንደ አዲስ ልጀምር?

ባለተርሚናል፦
አይ፣ ያንኑ ትዕዛዝ ከትንሿ ዳሽ ዩ (-u) ጋር ድገመው። ያለሷ ከሆነ የተሠራውን ጠርጎ ነው የሚጀምረው። ከዚያ በፊት ግን በዳሽ ኦው ፎልደር ውስጥ መጠናቸው ዜሮ የሆኑ ነጥብ ኦ (.o፣ ኮምፓይል የተደረገ ኮድ የያዙ) ፋይሎችን ፈልገህ አጥፋ። መብራት ሲቋረጥ ስሙ ተፈጥሮ ውስጡ ሳይጻፍ የቀረ ይኖራል፤ ሜክ (ቢልዱን የሚመራው ፕሮግራም) ደግሞ የፋይሉን ሰዓት እንጂ ውስጡን ስለማያይ «አልቋል» ብሎ ያልፈዋል። ኋላ ሊንክ ሲደረግ (ፋይሎቹ ወደ አንድ ፕሮግራም ሲገጣጠሙ) ነው ጉዱ የሚወጣው።

ናቲ፦
እኔም ተማርኩ። ሶርሱን አፕዴት ማድረግ ሲያምርህስ?

የኮቺው፦
እሱን ሰርቨሩ ላይ ራሴ ነኝ የማደርገው፤ ያውም ሌላ ማሽን ቢልድ ላይ በሌለበት ሰዓት። ዴስክቶፑ አሁን ካቆመበት ቀጥሏል። ሦስት ዜሮ ፋይል አግኝቻለሁ፣ ሁሉም ከጂሲሲ (ከኮምፓይለሩ)።