«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በየምዕራፉ ማጠቃለያ ማጥናት ያዋጣል?

የማታ ተማሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍን በማታው ክፍለ ጊዜ የምከታተል ስሆን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የጽሑፍ ፈተና አለብኝ። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ በመሆኑና ቀን ሥራ ስለምውል፣ የክፍል ጓደኛዬ ያዘጋጀውን የየምዕራፉን ማጠቃለያ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ታሪኩን አሁን ከዳር እስከ ዳር መናገር እችላለሁ። ይሁን እንጂ በአንድ የቆየ ፈተና ላይ «በዛብህ የገዛ ፍቅሩን የሚፈራው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲገጥመኝ፣ «የድሃ ልጅ ስለሆነ» ከማለት በቀር የምጽፈው አጣሁ። ጉድለቱ የማጠቃለያው ነው ወይስ የአጠናኔ?

የቋንቋ መምህር፦
ማጠቃለያዎ በዛብህ ስለተወለደበት ስለ ማንኩሳው ክፍል ምን እንደሚል እስቲ ይመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ «ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት» በሚል አንድ መስመር ይታለፋል። መልስዎ ግን ያለው እዚያው ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው እየታመመ ሲያስጨንቃቸው፣ በሕይወት ከቆየላቸው ዕድሜውን ለእግዚአብሔር አገልግሎት ሊሰጡት ይሳላሉ። በዛብህ በዲማ ጊዮርጊስ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እያስተማረ ልቡ ሲሸፍትበት፣ የሚፈራው የአባቷን ቁጣ ብቻ ሳይሆን እሱ ራሱ ያልተሳለውን፣ ነገር ግን በስሙ የተገባውን ስለት ማፍረስን ጭምር ነው። የወላጆቹን ጭንቀት በዝርዝር ያላነበበ ሰው ይህን ፍርሃት ከተራ ይሉኝታ ሊለየው አይችልም።

ፈተናውን ያለፈ፦
እኔም በማጠቃለያ ጀምሬ ነበር፤ የጣለኝ ጉዱ ካሳ ነው። የያዝኩት ወረቀት «የጊዜውን ሥርዓት ይተቻል» ብሎ ስለሚያልፈው እኔም ያንኑ ገልብጬ ጻፍኩና ውጤቴ ዝቅተኛ ሆነ። የካሳ ነገር ያለው በአነጋገሩ ነው። የመኳንንቱ ዘመድ ሆኖ ስለ ባላገሩ ሲሟገት ሰሚዎቹ እንደ እብድ እየቆጠሩት እንዴት እንደሚያልፉት የሚታየው በምልልሱ ውስጥ ብቻ ነው። በሁለተኛው ሙከራዬ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት፦ መጀመሪያ ምዕራፉን አነባለሁ፣ ቀጥሎ መጽሐፉን ዘግቼ የራሴን አምስት መስመር እጽፋለሁ፣ የሰው ማጠቃለያ የምገልጠው ከዚያ በኋላ የረሳሁትን ለመፈለግ ነው። የረሳሁት ነገር ብዙውን ጊዜ ድርጊት ነበር፤ ማጠቃለያው የረሳው ግን ሁልጊዜ ንግግር ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ቅጂ ካገኙ መጽሐፉን ገልጠው እየተከተሉ ያዳምጡት። ከሥራ ደክሞ ለሚገባ ሰው ትልቅ እገዛ ነው።

የማታ ተማሪ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የማንኩሳውን ክፍል ትናንት ማታ አነበብኩት፤ በወረቀቴ ላይ በእርግጥም አንድ መስመር ብቻ ነበር። ይሁንና ሁሉንም በዚህ ፍጥነት ልጨርሰው አልችልምና በማጠቃለያ ባልፈው የማይጎዳኝ ክፍል የትኛው ነው?

የቋንቋ መምህር፦
ጊዜ ካጠረዎ የባላገሮቹን አመጽ የውጊያ ዝርዝር በማጠቃለያ ሊያልፉት ይችላሉ፤ የአመጹ መሪ አበጀ በለው ማን እንደሆነ፣ ባላገሮቹ ከልማድ ውጭ የተጠየቁትን አንሰጥም ማለታቸውንና ፊታውራሪው መማረካቸውን ከያዙ ለፈተናው ይበቃዎታል። ክርክሩ የተነሣበትን ገጽ ግን አይዝለሉት። ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ከቤት የምትወጣበትንም ቃል በቃል ያንብቡት፤ አባቷ ለዘሯ የሚመጥን ባል ጠፋ እያሉ ጠያቂዎቿን ሁሉ ሲመልሱ ከኖሩበት ክፍል ጎን ለጎን ቢያነቡት ደግሞ የተሻለ ነው። ሁለቱ በመጽሐፉ ውስጥ ተራርቀው ስለሚገኙ፣ በየምዕራፉ የተቆራረጠ ማጠቃለያ አንዱን ከሌላው አያገናኝልዎትም።