ጥቆማ፦ ለአስፋልትም ለተራራም የሚሆን አንድ ጫማ

የጦሳ ጎረቤት፦ ሰላም የወሎ ልጆች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራዬ ደሴን በእግር ያዞረኛል። ቅዳሜ ጦሳ እወጣለሁ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ከላሊበላ ተነስተን አቡነ ዮሴፍ ልንወጣ ነው። ሁለት ጫማ መግዛት አልችልም። ለሁለቱም የሚሆን ጠቁሙኝ። ቡትስ ወይስ ስኒከር? አዲስ ወይስ ሳልቫጅ?

ሸዋ በር፦ ሳልቫጅ እንዳትነካ! ከአንድ ሱቅ የፈረንጅ ቡትስ ገዛሁ። ሲያዩት አዲስ ነው። ቁልቁለት ላይ የቀኙ ሶል አፉን ከፈተ። ትንሽ ሄድ እንዳልኩ የግራውም ተከተለ። በማሰሪያው ጠፍሬው ነው ቤቴ የገባሁት። ባለሱቁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ተራራ ውጣበት አልኩህ እንዴ?»

ቧንቧ ውሃ፦ እሳት ዳር አድርቀኸው ይሆናላ።

ሸዋ በር፦ የምን እሳት? ወላሂ ውሃም አልነካው።

ቧንቧ ውሃ፦ እኔ ሁሌም ሳልቫጅ ነው የማደርገው። ሰኞ ገበያ ያለው ደንበኛዬ አንድም ቀን አታልሎኝ አያውቅም።

ሸዋ በር፦ የት ወጣህበት?

ቧንቧ ውሃ፦ ሰርግ።

የላስታ ልጅ፦ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ጥቅምትን መምረጣችሁ ጥሩ ነው፣ ዝናቡ ይወጣል። ሌሊቱ ግን ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል፣ ጋቢ ያዙ። ጭላዳ ታያላችሁ። ከቀናችሁ ቀይ ቀበሮም አለ።

የጦሳ ጎረቤት፦ አመሰግናለሁ ወንድሜ። ጫማውስ?

የላስታ ልጅ፦ የኛ እረኞች በበረባሶ ነው የሚወጡት።

ኮምቦልቻ፦ በቃ ተገላገልክ። ከመኪና ጎማ የተሠራ ነው፣ አስፋልት ለምዷል።

ጫማ ሰፊው፦ አብሽር ወንድሜ፣ ሥራዬ ስለሆነ ልንገርህ። ሸዋ በር ያለው እውነት ነው፣ እሳት አያስፈልገውም። የብዙ ቡትስ ሶል መሐሉ ፖሊዩረቴን የሚባል ስፖንጅ ነው። ጫማው ሳይደረግ ቢቀመጥ እንኳ በዓመታት ውስጥ የአየሩ እርጥበት ይበላዋል። ስለዚህ ሶሉን በጥፍርህ ጫን በለው፣ በእጅህም እጠፈው። ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ድርቆሽ ከተፈረፈረ ተወው። ማስቲሽ አያድነውም፣ ምክንያቱም የሚለቀው ሙጫው ሳይሆን ራሱ ስፖንጁ ነው።

አንድ ብቻ ከሆነ የምትገዛው፣ ለምታበዛው መንገድ ግዛ። አንተ የምታበዛው አስፋልት ነው። ከባድ ቡትስ ከተማ ውስጥ ያደክምሃል፣ ለስላሳው የተራራ ሶል ደግሞ አስፋልት ላይ ቶሎ ይበላል። ቀለል ያለ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ጥርሱ መካከለኛ የሆነ ይበቃሃል። ድንኳን የምትሸከም ከሆነ ግን ጠንከር ያለ ውሰድ። ወደ ማታ ሂድና ለካ፣ እግር በቀን ያብጣል። ወፍራም ካልሲ አድርግ። ቁልቁለት ላይ አውራ ጣትህ ጫፉን ከነካ ጥፍርህን ትሰናበታለህ።

ቧንቧ ውሃ፦ ደንበኛዬ ጋ ሂድ ብያለሁ።

ሸዋ በር፦ የሱን ሶል በጥፍርህ ሞክረኸዋል?

ቧንቧ ውሃ፦ የደንበኛዬን ዕቃ? ነውር ነው!

ሐረጎ፦ ባለጥያቄው፣ ምን ገዛህ?

ሐረጎ፦ ካልገዛህ 42 ቁጥር አለኝ። ጠቦኝ ነው የምሸጠው። ፒያሳ እንገናኝ።