ለአባቴ የኔፓል ኩክሪ፦ የቱ ቅርጽ፣ ስንት ግራም?

የዶሃው (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ዶሃ ውስጥ ከኔፓሎች ጋር ነው የምኖረው። አንዱ ለዳሳይን በዓል አገሩ ሊገባ ነው፤ ስመለስ ኩክሪ ላምጣልህ አለኝ። ያው ጉርካ የሚባሉት ኔፓላውያን ወታደሮች የሚታጠቁት፣ ወደ ውስጥ የታጠፈው ቢላ ነው። እኔ ለአባዬ ነው የፈለግኩት። ጅማ አካባቢ ቡና አለው፤ ቅርንጫፍ ይመለምላል፣ ሙዝ ይቆርጣል፣ ማገዶም ይፈልጣል። 70 አልፎታል። ልጁ የሦስት ዓይነት ፎቶ አሳየኝ፦ ሲሩፓቴ 450 ግራም፣ ቦጅፑሬ 700፣ አንግ ኮላ 850። የሦስቱም ብረት 10 ኢንች ገደማ ነው። ከበድ ያለው ይሻላል ብዬ ነበር። ምን ትላላችሁ?

ባሌስትራ፦ ወንድሜ፣ ግራሙን ለብቻው አትየው። ክብደቱ የት እንደተቀመጠ ነው ቁም ነገሩ። የኛ ገጀራ ስስና ረጅም ነው፤ በፍጥነት ነው የሚቆርጠው። ኩክሪ ግን ከታጠፈበት ወዲያ ሆዱ ሰፋ ይላል፤ ክብደቱ እዚያ ነው። አንተ ታነሳዋለህ፣ የቀረውን እሱ ወድቆ ይሠራዋል። ስለዚህ ኩክሪ ከግራሙ በላይ የሚከብድህ ጊዜ አለ።

ስማቸው ራሱ ይነግርሃል። ሲሩፓቴ ሲሩ ከሚባል ሣር ቅጠል የመጣ ስም ነው፤ ቀጭን፣ ሾል ያለ። እርጥብ ቅርንጫፍና ሙዝ ላይ ይበራል። ቦጅፑሬ በምሥራቅ ኔፓል ካለችው ከቦጅፑር ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ ጀርባው ወፍራም። አንግ ኮላ ከጀርባው ዝቅ ብሎ ጎድጓዳ መስመር አለው። ጀርባው እንደወፈረ ይቀራል፣ ከጎኑ ግን ብረት ይቀነሳል። ያ ባይቀነስ ኖሮ ከ850ም በላይ ይከብድ ነበር።

ብዙዎቹ ከመኪና ባሌስትራ ነው የሚቀጠቀጡት። ስሜንም ያየ ያውቀዋል፣ እኔ ለባሌስትራ አዳላለሁ።

የጓሮ ሰው፦ እኔ ሲሩፓቴ አለኝ። ደረቅ ባሕር ዛፍ ላይ ሞክሬው ነክሶ ቀረ፤ ለማላቀቅ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ስስ ስለት ጥልቅ ይገባል እንጂ እንጨት አይከፍትም። ማገዶ ካለ ቦጅፑሬ ይሁን።

ባሌስትራ፦ @የጓሮ ሰው ለማገዶማ ምሳር አለ። ጅማ ምሳር የሌለው ቤት አለ እንዴ?

እመ ቤት፦ እኔ ደግሞ እጁን ነው የማስበው። የ70 ዓመት ሰው አንድ ጊዜ አይደለም የሚያነሳው፣ ቀኑን ሙሉ ነው። እስኪ የግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ሙላ፤ ግማሽ ኪሎ ነው። አንገቱን ይዘህ ሃምሳ ጊዜ አንሳና ጣል። ከዚያ በ750 ሚሊ ሊትሩ ድገመው። ክንድህ ይነግርሃል። አንተ ወጣት ነህ፤ የአባባን ደግሞ ገምት።

የድሮ ተጓዥ፦ ካትማንዱ ታሜል ሰፈር ከሄደ፣ የሚያብረቀርቀውንና አንበሳ የተቀረጸበትን ይተው። እዚያ ብዙው ለግድግዳ ነው የሚሸጠው። በሞረድ ይሞክረው። ሆዱ ላይ ያለው ስለት ላይ ሞረዱ ከተንሸራተተ ደህና ነው፤ ከነከሰ ብረቱ ለስላሳ ነው። እጀታው አጠገብ ቢነክስ ግን አትደንግጡ። ቀጥቃጩ ብረቱን አግሎ ከማንቆርቆሪያ ውሃ የሚያፈሰው ስለቱ ላይ ነው። ጀርባው እንዳይሰበር ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ዋናው። ከሰገባው ስታወጣው ጣቶችህን በስለቱ በኩል አታድርግ። ሰገባው ሁለት እንጨት ተገጥሞ በቆዳ የተለበጠ ነው፤ ብረቱ ደግሞ ጠማማ ስለሆነ ሲወጣ ስፌቱን ይጠርጋል። የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ላይ እስከዛሬ ምልክቱ አለ። ሰገባውን በጀርባው በኩል ያዝ፣ ቀስ ብለህ አውጣ። ለአባትህም አደራ ንገረው።

አዲስ ገባሁ፦ አንዴ ከሰገባው ከወጣ ደም ሳያይ አይመለስም ይባላል፣ እውነት ነው?

የድሮ ተጓዥ፦ ኧረ ተረት ነው። ኔፓል ገጠር በሱ ሽንኩርት ይከተፍበታል። በዳሳይን ፍየልም ይታረድበታል እርግጥ።

አዲስ ገባሁ፦ አብረውት ሰገባው ውስጥ ያሉት ሁለት ትንንሽ ቢላዎችስ?

የድሮ ተጓዥ፦ ስለታሙ ካርዳ ነው፣ ለትንንሽ ሥራ። ደነዙ ቻክማክ፤ ስለቱን ማቃኛ። ደንዝዞ መጣ ብለህ እንዳትጥለው።

የዶሃው (ጠያቂ)፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጠርሙሱን ነገር ሞከርኩት፤ በ750ው ሠላሳ ላይ ቆምኩ፣ ኔፓሎቹ ሳቁብኝ። አባዬ ጋ ደወልኩ። «ለማገዶ ምሳሬ ምን ሆነ? ቀላሉን ላክ» አለኝ። ሲሩፓቴ ሆነ፤ ግን ቀጥቃጩ ጀርባውን ትንሽ እንዲያወፍረው ነግሬያለሁ፣ 500 ግራም ድረስ ቢመጣ ግድ የለኝም።

አንድ የቀረኝ የእጀታው ጉዳይ ነው። የኔፓል እጀታ አጭር ነው፣ መሐሉ ላይም ቀለበት አለው፤ ሰፊ እጅ ያቆስላል ይላል ልጁ። የአባዬን መዳፍ ስፋት ጠይቆኝ እህቴ በሜትር ለካችው፤ 10 ሴንቲ ሜትር። ቀለበቱን ዝቅ ያስደርግልኝ ወይስ ጭራሽ ያስቀረው?

ባሌስትራ፦ ያስቀረው። ጫፉ ላይ ያለው ሰፋ ያለ ክፍል ግን ይቆይ፣ እጅ እንዳያመልጥ የሚይዘው እሱ ነው። በአውሮፕላን ሲመጣ ደግሞ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ እንጂ በእጅ ሻንጣ አይያዝ፣ የጉምሩኩንም ቀድመህ ጠይቅ።