ተማሪ ተማሪን ያስታርቅ?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን፦ ተማሪዎች ሠልጥነው የእኩዮቻቸውን ጠብ ይሸምግሉ ወይስ ነገሩ ለመምህራን ይተው? ስድብ የለም።

ዩኒት ሊደሩ፦ ይሸምግሉ። ቢሮዬ በር ላይ ልጅ ተሰልፎ ይውላል። "እስክሪብቶዬን ወሰደ"፣ "እናቴን ሰደበ"። እኔም "ወላጅ አምጣ" እላለሁ። አባት ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ልጁን እፊቴ በጥፊ ያጮለዋል፣ ፈርሞ ይሄዳል። ጠቡ ከአጥር ውጭ ይቀጥላል።

የሁለት ልጆች እናት፦ መምህር፣ የክፍል አለቃን ረሱት እንዴ? ሰሌዳ ላይ "የሚረብሹ" ብሎ ሲጽፍ የጓደኛውን ስም ይዘላል፤ በእኛ ጊዜማ ማስቲካ ከሰጡት ይሰርዝልን ነበር። ተማሪን በቡድን የሚያደራጀውን አንድ ለአምስትንም አየነው። አሁን ደግሞ ሽማግሌ?

ከሜሪላንድ፦ የክፍል አለቃ እኮ ከሳሽ ነው፤ አሸማጋይ ግን አይከስም፣ አይፈርድም። ልጄ እዚህ ሰባተኛ ክፍል ሆና ሠለጠነች። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። እሷ የሰማችውን በራሷ ቃል መልሳ "እንዲህ ነው ያልከኝ?" ትላለች። መፍትሔውን የሚያመጡት የተጣሉት ናቸው፤ "እንዲህ አድርጉ" ማለት አይፈቀድላትም። ቤት ስትለማመድ እኔንና እናቷን በሪሞት ምክንያት አስቀምጣ ሸመገለችን። ሦስት ጊዜ "አባዬ፣ አታቋርጣት" ተባልኩ።

የግብረ ገብ መምህር፦ ያ ነው እኛ ጋ የሌለው። ግብረ ገብ ከ2015 ወዲህ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተመልሷል፤ ልጆቹ "መከባበር" የሚለውን ፈተና ላይ በትክክል ያከብባሉ፣ ዕረፍት ሰዓት ይፈነካከታሉ። ልምምድ የለማ።

ዝም ብዬ አነብ የነበርኩ፦ ስምንተኛ ክፍል እያለሁ አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ስወጣ በየቀኑ መንገድ ይዘጋብኝ ነበር። ስናገር ሁለት ተማሪ "ሽማግሌ" ተደርጎ ቆመና "ተጨባበጡ" ተባልን። ጨበጥኩት። በማግስቱ እዚያው ቦታ ቆሞ እየሳቀ "ታርቀን የለ እንዴ?" አለኝ። ለዚህ ነው የምትከራከሩት?

ከሜሪላንድ፦ እህቴ፣ ያንቺ ጠብ አልነበረም፤ ጥቃት ነው። ልጄ ጋ ለከፋም ሆነ ማስፈራራት ወደ ልጆቹ አይመራም፤ በቀጥታ ለአዋቂ ነው።

የግብረ ገብ መምህር፦ የትምህርት ቤት ጉልበተኝነትን ሲያጠና የኖረው ዳን ኦልዌውስም የሚለየው በዚሁ ነው፤ አቅማቸው እኩል ካልሆነ ጠብ አይባልም። እኛ ደግሞ ሁሉንም "ይቅር ተባባሉ" ብለን መዝጋት እንወዳለን።

የሁለት ልጆች እናት፦ እሺ፣ የቱ ጠብ የቱ ጥቃት እንደሆነ ማን ይለያል? እርስዎ ነዎታ መምህር! ሰልፉ ተመልሶ በርዎ ላይ።

ዩኒት ሊደሩ፦ ልለይ። የእስክሪብቶውን ሰልፍ ብቻ ውሰዱልኝ። ባዶ ክፍል ስለሌለን የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫውን አስጠርጋለሁ፤ አራት ወንበር ይበቃል።